ፈርሷል የተባለው ድልድይ

ሰኔ 18 ቀን 2089 ዓ.ም. ጠዋት በሸንበቆ ከተማ ማዶ ሰፈር ለሚኖሩ መቶ አርባ ሦስት ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ደረሳቸው። ሰፈሩ «መሻገሪያ የሌለው» ተብሎ ስለተመደበ እስከ ሰኔ 30 እንዲለቁ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ቤት እንደተዘጋጀላቸው፣ ዕቃቸውን የሚጭኑ ጋሪዎችም በዞሮ መሄጃው መንገድ እንደሚመጡ ይናገራል። ማስታወቂያው ትሁት ነበር። ስለሚያሳዩት ትብብር አስቀድሞ ያመሰግናል።

አብዛኞቹ ይህን ያነበቡት ድልድዩ ላይ ሆነው ነው። በዚያ ሰዓት የማዶ ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በድልድዩ ነው። አንዳንዶቹ መሻገሪያ የላችሁም የሚለውን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ተሻግረው ነበር።

የሸንበቆ ድልድይ ባለ ሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም፤ ግንበኛው ግን እጁ የተባረከ ነበር። ጉሽ ውኃ ወንዝ በየክረምቱ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ይመጣበታል፣ ድልድዩም በየመስከረሙ እዚያው ነው። በማኅደሩ ላይ ግን የለም።

ማኅደሩ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ የድረ ገጽ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ጋሪ የሚነዳው፣ አምቡላንስ የሚልከው፣ ከተማ የሚያቅደው መሣሪያ ሁሉ ዓለምን የሚያውቃት ከእሱ ነው። ማኅደሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የሸንበቆ ድልድይ በጉሽ ውኃ ወንዝ ላይ የነበረ የድንጋይና የእንጨት ድልድይ ነው። በ2041 ዓ.ም. ክረምት በጎርፍ ፈርሷል።» በዚህ የተነሳ ሰው አልባዎቹ ጋሪዎች የማዶን ዕቃ ይዘው እስከ ድልድዩ ራስ ይመጡና ቀጥ ይላሉ፤ ዕቃውን መሬት ላይ አውርደው ይመለሳሉ። ቦታውም «መመለሻ» የሚባል ስም ወጥቶለት ቆሎ ሻጭና ተሸካሚ ሰፍሮበታል። ስለ መመለሻ ማኅደሩ ላይ አንድ ጽሑፍ አለ። ሰባት ምንጭ የተጠቀሰለት ደህና ጽሑፍ ነው።

ትርንጎ አለልኝ የልብስ ስፌት ሱቋ ከመመለሻ ፊት ለፊት ነው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከደሴ መጥታ ሸንበቆ መኖር ከጀመረች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። የከተማው ሰው የሚያውቃት የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሰፊ መሆኗን ነው። በማኅደሩ በጎ ፈቃደኞች ዘንድ ግን «መርፌ ቁልፍ» የሚባለውን ስም የማያውቅ የለም። መርፌ ቁልፍ እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አሮጌ ቤቶች፣ ስለ ምንጮች፣ ስለ ዋሻዎች፣ ስለ ተረሱ የገበያ ቦታዎች አራት ሺህ አሥራ ስድስት ጽሑፎች ጽፋለች ወይም አቃንታለች። ከሸንበቆ ሰው አንድም ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ተናግራ አታውቅም። ስለ ድልድዩ የተጻፈውን ባየች ቁጥር ግን ያ የማይረባ ጸሐፊ ማን ይሆን እያለች በሆዷ ትሰድበው ነበር።

በማግስቱ ከማዘጋጃ ቤት ናሁሰናይ የሚባል ወጣት መጣ። ማስታወቂያው መድረሱን ሊያረጋግጥ ነው። ትርንጎ ክንዱን ይዛ የድልድዩ መሐል ወሰደችው፣ አቆመችው፣ በጫማው ድንጋዩን እንዲመታው ነገረችው። ልጁም ክፉ ሰው አይደለም፤ መታው።

«አየዋለሁ እኮ እትዬ ትርንጎ» አላት። «እኔ የማየው ግን አይመዘገብም። እናቴም ማዶ ናት የምትኖረው። ማኅደሩ ከተቃና ትእዛዙ በዚያው ቅጽበት ይሻራል፤ ካልተቃና እኔም የእናቴን አልጋ ነው የምጭነው።»

ማቃናት ደግሞ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከሦስት መቶ በላይ ምንጭ ያለው ዓረፍተ ነገር «ሥር የያዘ» ይባላል፤ ማንም እንዳሻው አይነካውም፤ መጀመሪያ ማን እንደጻፈውም ከምንጮቹ ሥር ተቀብሮ አይታይም። ሥር የያዘን ነገር ለመንቀል ከ2020 ዓ.ም. በፊት በወረቀት የታተመ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማሽን ሺህ ፎቶ መፍጠር ከጀመረ ወዲህ ፎቶ ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። ለዚህ ዓይነቱ የነዋሪ ምስክርነት አይቆጠርም፤ ነዋሪው ተጠቃሚ ነው።

እንዲህም ሆኖ ትርንጎ ሱቋን ዘግታ ፍለጋ ገባች። አብረዋት የዞሩት ጋሽ ይርዳው የሚባሉ የማዶ ጡረተኛ ግንበኛ ናቸው። የጋሽ ይርዳው ነገር ለብቻው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ባለቤታቸው አስካል ልቧን አመማት። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ በድልድዩ አሻግሮ መመለሻ ላይ አሳረፋት። ሆስፒታሉ ከዚያ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አምቡላንሱ ግን የማዶ ነዋሪ ናት ብሎ በዞሮ መሄጃው ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆመ። ደውለው መመለሻ ነን ቢሉት፣ ሕመምተኛዋ ወንዙን ልትሻገር የምትችልበት መንገድ የለም ብሎ መለሰላቸው። አስካል ድልድዩን እያየች እዚያው ሞተች። ትርንጎም ያን ቀን ከሱቋ ወጥታ ጭንቅላቷን ደግፋ ይዛት ነበር።

ሁለቱ አምስት ቀን ተንከራተቱ። የቀድሞው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወረቀቱን ለካርቶን ፋብሪካ ከሰጠ ቆይቷል። የወረዳው መዝገብ ቤት ውስጥ የቀረው መደርደሪያ ነው። ጋሽ ይርዳው የአባታቸውን የሠርግ ፎቶ አመጡ፤ ሙሽሮቹ ድልድዩ ላይ ቆመዋል፤ ፎቶ ነውና አልሆነም። አንድ ቀን እሳቸው ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ይህን ውሸት የጻፈውን ሰው አንድ ጊዜ ባገኘው ሌላ አልፈልግም፣ አስካልን የት እንዳሳረፍናት ብቻ አሳየው ነበር አሏት። ትርንጎም እኔም አብሬዎት እሄድ ነበር አለቻቸው፤ ከልቧ ነበር።

ያን ሰሞን በሌላ በኩል ደግሞ ወይዘሮ ኤሊነድ እየሠራችላት ነበር። በማኅደሩ ደንብ እያንዳንዱ የቅርስ ጽሑፍ «የሩቅ ዓይን» ሊኖረው ይገባል፤ በጉዳዩ ጥቅምም ጠላትነትም የሌለው፣ ከሌላ አገር የሆነ አንድ ሰው ምንጮቹን ይመረምራል። የትርንጎ የሩቅ ዓይን በሰሜን ዌልስ፣ ድሮ የጣሪያ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ አንድ ሸለቆ የምትኖረው የሰባ ዓመቷ ኤሊነድ ናት። ትርንጎም በተራዋ የእሷ የሩቅ ዓይን ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኤሊነድ የሸንበቆን ዋሻዎች፣ ትርንጎ የዚያን ሸለቆ ትንንሽ ቤተ ጸሎቶች ሲመረምሩ ኖረዋል። ትርንጎ ዌልስን በዓይኗ አይታ አታውቅም። የትኛው ቤተ ጸሎት በየትኛው ዓመት መጋዘን እንደሆነ፣ የትኛው ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ የየትኛው በር አረንጓዴ እንደነበር ግን በቃሏ ትነግርሃለች።

ኤሊነድ ስለ ድልድዩ የተጠቀሱትን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ምንጮች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየተከተለች ነበር። አንዱ መጽሐፍ ሌላውን ይጠቅሳል፣ ያም ሌላውን፤ ብዙዎቹ ማሽን ከማሽን የቀዳቸው ናቸው። ሰኔ 25 ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለች። ትርንጎ ሱቋ ውስጥ የተማሪ ኮሌታ እየሰፋች ነበር። ኤሊነድ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባ፣ ከኋላዋ መስኮቱ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ለወትሮው ስለ አየሩ ሳታነሳ የማትጀምረው ሴት ዛሬ በቀጥታ ጀመረች።

«ሁሉም የተወለዱት ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው» አለች። «ዓረፍተ ነገሩ የተጻፈው በ2067 ዓ.ም.፣ በማዋሃድ ሳምንት ነው። ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ነበሩ፤ አንዱ ስለ ድንጋይ ድልድይ፣ ሌላው ከሱ በታች ስለነበረና በጎርፍ ስለተወሰደ የእንጨት ድልድይ። አንድ ሰው ስለ አንድ ነገር የተጻፉ መስሎት አዋሃዳቸው። ትርንጎ፣ ያ ሰው መርፌ ቁልፍ ነው።»

ትርንጎ የስፌት መኪናዋን አቆመች። መጀመሪያ የመጣባት ኤሊነድ ተሳስታለች የሚል ሐሳብ ነበር። ቀጥሎ ያ ሳምንት ትዝ አላት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ደሴ ውስጥ የልብስ ስፌት ትማራለች፤ የማኅደሩ ሰዎች የተደጋገሙ ጽሑፎችን ለማጽዳት ዘመቻ ጠርተዋል። ብዙ ያዋሃደ ስሙ በመጀመሪያው ገጽ ይወጣል። እሷ በስድስት ቀን ሦስት መቶ አርባ ጥንድ አዋሃደች። ሸንበቆን ረግጣ አታውቅም። ሁለቱም ጽሑፎች ጉሽ ውኃ ላይ ያለ ድልድይ ይላሉ፤ አንዲት ትንሽ ከተማ ሁለት ድልድይ ምን ያደርግላታል ብላ አሰበች። ስሟም በመጀመሪያው ገጽ ወጣ፤ ለጓደኞቿ አሳየች፤ ተደሰተች። ያ ሁሉ ዓመት በሆዷ ስትሰድበው የኖረችው ሰው እሷው ራሷ ነበረች። አስካልን ጭንቅላቷን ደግፋ የያዘችውም ያን በጻፈችበት እጇ ነው። አፈረች፤ እንዲህ ያለ ሀፍረት ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

መውጫ አለ ወይ ብላ ትርንጎ ኤሊነድን ጠየቀቻት፤ መልሱን ግን ሁለቱም ያውቁት ነበር። ሥር የያዘ ዓረፍተ ነገር ያለ ወረቀት የሚነቀልበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። የጻፈው ሰው ራሱ «እጄን አንስቻለሁ» ይላል። ያን ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ይወድቃል፤ ከእሱ የተወለዱት ምንጮችም አብረው ይወድቃሉ። ሆኖም እጅ ተከፋፍሎ አይነሳም። አንዱን አምናለሁ ሌላውን አላምንም ማለት ስለማይቻል፣ ሰውዬው የነካው ሁሉ እሱ ከመንካቱ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል። አራት ሺህ አሥራ ስድስቱም። ስሙም ዳግመኛ አይሠራም።

ለዚህ ነው በማኅደሩ ታሪክ እጃቸውን ያነሱ ሰዎች ከአሥር የማይበልጡት።

ዝም ማለትም ይቻላል። የሸንበቆ ሰው አያውቅም፤ ኤሊነድም የሌላውን ምሥጢር የምታወጣ ሴት አይደለችም። ትርንጎ ይህን አሰበች፤ አላሰበችም ብንል እንዋሻለን። የሃይቅ ዳር የታንኳ ሠሪዎች ጽሑፍ ትዝ አላት፤ ለእሱ ብላ ሁለት ክረምት ተመላልሳለች፤ የመጨረሻው ታንኳ ሠሪ የነገራትን ከእሷ ሌላ የጻፈው የለም። የደሴ አሮጌ ሰፈሮች ስም አለ። የሞተ አባቷ ያስተማረበት፣ ዛሬ መኪና ማቆሚያ የሆነው ትምህርት ቤት አለ። እነዚህ ሁሉ ባዶ ገጽ ይሆናሉ። ባዶ ገጽ ደግሞ በዚህ ዘመን ያልነበረ ማለት ነው።

«የአንቺም አለ እኮ» አለቻት ለኤሊነድ። «እኔ የሩቅ ዓይን የሆንኩባቸው ስድስት መቶ ቤተ ጸሎቶች ማረጋገጫቸው ይነሳል።»

«ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ስድስት መቶ አራት ናቸው» አለች ኤሊነድ። «ቤተ ጸሎቶቹ የትም አይሄዱም። ጉልበቴ እስካለ ድረስ ዞሬ እንደገና አያቸዋለሁ። አንቺ ያንቺን ሰዎች አሻግሪ።»

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ጋሽ ይርዳውን ድልድዩ ላይ ጠበቀቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር በመሣሪያ አይነገርም፤ ሰው ፊት ቆሞ ነው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የማዋሃድ ሳምንቱን፣ ሁለቱን ድልድዮች፣ ስሟን። ይቅርታ ያደርጉልኝ የሚለውን ቃል ይዛ መጥታ ነበር፤ ስትደርስበት ግን አልወጣ አላት። ጋሽ ይርዳው ሰምተው ሲጨርሱ የድልድዩን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳበሱ። የግንበኛ እጅ ነው፤ ሻካራ ነው።

«ያን ቀን ቡናማ ቀሚስ ነበር የለበሰችው» አሉ። «አንቺ የሰፋሽላት።»

«እኔ ነኝ የሰፋሁላት፤ አውቃለሁ።»

«ዛሬ ምንም አልልሽም ትርንጎ። ምን እንደምልሽም አላውቅ። ይቺን ነገር የምታነሻት ከሆነ ሄደሽ አንሻት። ስትጨርሺ ፈልጊኝ።»

ሄደች። መሣሪያው ሦስት ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ሦስት ጊዜ አዎ አለች። ምክንያትሽ ምንድን ነው ሲላት፣ ሳላይ ጽፌ ነው አለች። የመርፌ ቁልፍ ስም ወዲያው ደበዘዘ፤ ሥራው ግን የሚነሳው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ተቃዋሚ ካለ እንዲናገር የሚሰጥ ጊዜ ነው። ተቃዋሚ ሞልቶ ነበር። ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከማታውቀው አገር ሁሉ መልእክት ጎረፈላት። ለአንድ ድልድይ ብለሽ ስንት ነገር ልታጠፊ ነው የሚሏት ነበሩ። አንዱ በሥራዋ ላይ ተመሥርቶ የመመረቂያ ጽሑፉን እንደጻፈ፣ አሁን ገደል እንደከተተችው ገለጸላት። እውነቱን ነው። ሁሉንም አነበበች፤ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። በእነዚያ ሦስት ቀናት የማዶ ሰው ድስትና ፍራሽ እያሰረ፣ እሷም ኮሌታ እየሰፋች ዋለች።

ሰኔ 29 ቀን ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ሲያልፍ፣ አንድ የዱቄት ጋሪ እንደ ወትሮው መመለሻ ላይ ደርሶ ቆመ። ተሸካሚዎቹ ሊቀበሉት ተነሱ። ጋሪው ግን ዕቃውን አላወረደም። ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ መብራቱ ተቀየረና ቀጥ ብሎ ድልድዩን ወጣ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አንዷ ቆሎ ሻጭ ዕቃዋን ከመንኮራኩሩ ፊት ሰበሰበች። ጋሪው ሦስቱን ቅስት አልፎ ማዶ ሲደርስ እልልታ አልነበረም። ያን ያህል ዓመት ሲጠብቁት የነበረው ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ጥቂት ቆይቶ ናሁሰናይ እየሮጠ መጣ፤ ትእዛዙ ተሽሯል፤ ለእናቱ ሊነግራት ነው።

ጋሽ ይርዳው ከማዶ በኩል መጡ። ትርንጎ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሌላ ስም ማውጣት ይቻላል?» ብለው ጠየቋት።

እንደ ጀማሪ ከተመዘገብኩ ይቻላል አለቻቸው፤ ከዜሮ ነው የምጀምረው።

«እንግዲያው በራስሽ ስም ተመዝገቢ። ስለ ድልድዩ ስትጽፊ አስካልን ጻፊያት። እዚህ ጋ ነው ያሳረፍናት። ማን እንዳስቀራትም ጻፊ። እኔ ካንቺ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

ሱቋ ገብታ እሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ተመዘገበች። መሣሪያው እንኳን ደህና መጡ፣ እስካሁን የጻፉት ዜሮ ነው አላት። የሸንበቆ ድልድይ ገጽ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ሦስት መስመር ብቻ ሆኗል። ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ከ2067 እስከ 2089 ዓ.ም. ድልድዩ ቆሞ ሳለ ፈርሷል ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በዚህ ምክንያት ነሐሴ 9 ቀን 2086 ዓ.ም. ወይዘሮ አስካል ተሰማ በድልድዩ ራስ ላይ አምቡላንስ ስትጠብቅ አርፋለች። ስህተቱን የሠራችው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ትርንጎ አለልኝ ናት።»

ጽሑፉ ለሩቅ ዓይን ተላከ። ዝናብ ከሚወርድበት ሸለቆ መልስ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። ኤሊነድ ደንቡ ጀማሪን ሁሉ ጠይቂ የሚላትን ነው የጠየቀችው፤ ምንጭሽ ማን ነው?

ትርንጎ ጋሽ ይርዳውን ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለቤቷ፣ እና እኔ» ብላ ጻፈች።